«እምቢ» እስኪጠፋ ድረስ፦ የሌስሊ ቫን ሁተን ጉዳይ

ሌስሊ ቫን ሁተን ሃያ ዓመት ሊሞላት 13 ቀን ሲቀራት፣ ከዚያ በፊት አይታቸው የማታውቃቸው ባልና ሚስት ቤት ሌሊት ገብታ በግድያቸው ተካፈለች። ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ቀኑም ኦገስት 10፣ 1969 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ሌሊት በፊት በኃይል ወንጀል ተከስሳ አታውቅም፤ በተማረችበት ትምህርት ቤትም የምትታወቀው ተወዳጅና ተግባቢ ልጅ በመሆኗ ነበር።

ስለዚህ ግድያ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ግድያውን የፈጸመውን ቡድን መሪ የቻርልስ ማንሰንን ታሪክ የሚተርክ ነው። እኔ ግን ማንሰንን ወደ ዳር አድርጌ ልጅቷን መከተል መርጫለሁ። ምክንያቱም በየዘመኑ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ወላጅም ሆነ አስተማሪ ሊረዳው የሚገባው ከባዱ ጥያቄ ግን፣ በመልካም ቤት ያደገች ልጅ «እምቢ» የማለት አቅሟ አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ እንዴት ተሟጥጦ ሊያልቅ ቻለ የሚለው ነው። ይህን መጠየቅ ጥፋቷን ማቅለል አይደለም። የሞቱት አቶ ሌኖ ላቢያንካና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮዝሜሪ ናቸው፤ ከእነሱ ሞት የሚቀድም ሐዘን በዚህ ጉዳይ ውስጥ የለም።

ለእንዲህ ያለ ቡድን አንዳንዱ ሰው «ካልት» የሚለውን የውጭ ቃል እንዳለ ሲጠቀም፣ ሌላው «የአምልኮ ቡድን» ይለዋል፤ «ኑፋቄ» የሚሉትም አሉ። ኑፋቄ የሚለው ቃል ግን የሃይማኖት ትምህርትን መሳት የሚያመለክት በመሆኑ እዚህ አይገጥምም። የማንሰን ቡድን ይህ ነው የሚባል ትምህርት አልነበረውም። የነበረው ነገር ቢኖር አንድ ሰው ሌሎችን ሙሉ በሙሉ የራሱ ንብረት የሚያደርግበት የኑሮ ሥርዓት ነበር፤ ትምህርት የሚመስለው ነገር የመጣው ዘግይቶ ነው።

ሌስሊ የተወለደችው ኦገስት 23፣ 1949 ሲሆን፣ ያደገችው ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ በሳን ጋብሪኤል ተራሮች ግርጌ በምትገኘው ሞንሮቪያ በተባለች ከተማ ነው። አባቷ የመኪና ጨረታ አጫራች፣ እናቷ አስተማሪ ነበሩ፤ ቤተሰቡም ከኮሪያ ሁለት ልጆችን በጉዲፈቻ አምጥቶ አሳድጓል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ዓመታዊ በዓል ላይ ተማሪዎች ከመረጧቸው «ልዕልቶች» አንዷ እሷ ነበረች። ወላጆቿ የተፋቱት በ14 ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ማሪዋናና ሐሺሽ፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ኤልኤስዲ የተባለውን አእምሮን የሚያዛባ ዕፅ መውሰድ ጀመረች።

በ17 ዓመቷ አረገዘች። ከጓደኛዋ ጋር ጠፍታ የሂፒዎች መናኸሪያ ወደነበረው የሳን ፍራንሲስኮ ሰፈር ሄዳ ከተመለሰች በኋላ፣ እናቷ ፅንሱን እንድታስወርድ አደረጓት። ውርጃው የተፈጸመው በሕጋዊ ሆስፒታል ሳይሆን በድብቅ እቤት ውስጥ ነበር። ሌስሊ ከዓመታት በኋላ በአመክሮ ቦርድ ፊት ስትጠየቅ ደጋግማ ወደዚህ ክስተት ተመልሳለች፤ ከእናቷ ጋር የነበራት ነገር የተበጠሰው ያን ጊዜ እንደሆነም ተናግራለች። እናትየዋን ለመውቀስ ይህን አላነሣሁም። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከተማ፣ ያላገባች ተማሪ ልጅ ያረገዘችባቸው ፈት ሴት ምን ዓይነት ጭንቀት ውስጥ እንደነበሩ ለመገመት አያስቸግርም፤ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት በእኛም አገር ስንት ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለን። ነገር ግን የልጅቷን የኋላ መንገድ ለሚመረምር ሰው ይህ ነጥብ ወሳኝ ነው፤ በሕይወቷ ትልቁን ነገር በተመለከተ ያቀረበችው «እምቢታ» ሰሚ አላገኘም፣ ከዚያም በቤት ውስጥ ማንም ስለ ነገሩ አላነሣም። ሐዘኗን የምታወርድበት ሰው አልነበራትም።

ትምህርቷን ጨርሳ ከአባቷ ዘንድ ገባች፤ የጸሐፊነት ሥልጠናም ወሰደች። ለጥቂት ጊዜ ወደ አንድ የዮጋና የተመስጦ ማኅበር ተጠግታ ዕፁን ትታ ነበር። ወደ ማንሰን የደረሰችው ሕይወቷን ለማበላሸት ስትጣደፍ አልነበረም ማለት ነው፤ የምትይዘው ነገር እየፈለገች ነበር። በ1968 በጋ የካሊፎርኒያን የባሕር ዳርቻ እየተከተለች ስትዘዋወር ቦቢ ቦሶሌይ ከተባለ ወጣት ሙዚቀኛና አብረውት ከነበሩ ሴቶች ጋር ተዋወቀች። ከእነሱ መካከል አንዷ ስለ አንድ ሰው በፍቅር ታወራላት ነበር። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ያ ሰው ወደሚኖርበት ስፍራ ተከትላቸው ሄደች።

ሰውየው ማንሰን ነው፤ በ1934 የተወለደ፣ ከዕድሜው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በማረሚያ ቤቶች ያሳለፈ፣ በማርች 1967 በ32 ዓመቱ ከእስር የወጣ ነበር። እስር ቤት ውስጥ ጊታር ተምሯል፤ ሰውን በንግግር የማግባባት ኮርስም ወስዷል። ሲፈታ ያገኘው ዓለም ለእሱ የተመቸ ነበር፦ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከቤታቸው ወጥተው የሳን ፍራንሲስኮን ጎዳናዎች ሞልተዋል፣ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ተኳርፈዋል፣ መጠለያና የሚያዳምጣቸው ሰው ይፈልጋሉ። እሱ ያዳምጣቸው ነበር። ከአባቷ ጋር የተጣላችዋን ልጅ ሲያገኝ እንደ አባት፣ ራሷን የጠላችውን ሲያገኝ እንደ አፍቃሪ ይቀርባታል። የሰበሰባቸውም ሰዎች ስብስቡን «ቤተሰቡ» ብለው ጠሩት። ይህ ስም በዘፈቀደ የተገኘ አይመስለኝም፤ አብዛኞቹ ሲመጡ የጎደላቸው ይኸው ነበርና።

መኖሪያቸው ከሎስ አንጀለስ ሰሜን ምዕራብ በቻትስዎርዝ አቅራቢያ የሚገኘው የስፓን እርሻ ነበር። ቦታው ቀድሞ የካውቦይ ፊልሞች ይቀረጹበት የነበረ፣ በዚያን ጊዜ ግን ያረጀና ፈረስ የሚከራይበት ስፍራ ነበር። ባለቤቱ ጆርጅ ስፓን ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ነበሩ፤ የቡድኑ ልጃገረዶች እሳቸውን ይንከባከባሉ፣ ፈረሶቹን ያያሉ፣ በምትኩም በነፃ ይኖራሉ። ምግባቸውን ከየገበያ አዳራሹ ጀርባ ከሚጣለው አትክልትና ፍራፍሬ እየለቀሙ ያመጡ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሌስሊ እርሻው በደረሰች ጊዜ ስለ ግድያ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ያየችው አብረው የሚያበስሉ፣ አብረው የሚዘፍኑ፣ ልጆች የሚያሳድጉ ወጣቶችን ነበር። በሩ አይቆለፍም፤ መሄድ የሚፈልግ መሄድ ይችላል ይባላል። በኋላ ዳኞችም ሆኑ የቦርድ አባላት «ለምን ጥለሽ አልወጣሽም?» እያሉ ደጋግመው ጠይቀዋታል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በሩ ላይ አይገኝም። ማንሰን የወሰደው ሰው ለመውጣት ሲወስን የሚደገፍባቸውን ነገሮች ነበር፤ የወሰዳቸውም አንድ በአንድ ነው።

መጀመሪያ የተወሰደው ጊዜ ነበር። በእርሻው ሰዓትና የቀን መቁጠሪያ አይፈቀድም ነበር፤ ጋዜጣና መጽሐፍም እንዲሁ። ቀን ከማያውቅ ሰው «ከመጣሁ ስድስት ወር ሆነኝ» የሚል ሐሳብ አይመነጭም። ቀጥሎ ስም ተወሰደ፤ አባላት አዲስ ስም ይሰጣቸዋል፣ ስሙም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ሌስሊ «ሉሉ» ትባል ነበር። ያለፈ ሕይወትን ማንሣት ነውር ሆነ፤ አባትና እናት ልጁን በፍርሃት ያሰሩ ጠላቶች ተደርገው ተሳሉ። እናቶች እንኳ የወለዱትን ልጅ የራሴ ብለው እንዳይዙ ይደረግ ነበር። ኤልኤስዲ በቡድን፣ በማንሰን እጅ፣ እሱ በሚመራው ሥርዓት ይታደላል፤ ለራሱ ከሌሎቹ ያነሰ መጠን ይወስድ እንደነበር የቀድሞ አባላት መስክረዋል። ዕፁ አእምሮን ሲከፍት የሚገባው ድምፅ የእሱ ብቻ ነበር። የግብረ ሥጋ ግንኙነትንም እሱ ይመድባል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ይወስናል፤ የምታፍረዋን «አሁንም በእናትሽ አእምሮ ነው የምታስቢው» እያለ ይገሥጻታል። የሚያስተምረው ዋና ነገር «እኔ» የሚባለው ነገር መሞት አለበት የሚል ነበር።

ይህን ሐሳብ ዘመኑ ራሱ ያውቀው ነበር፤ ራስን መካድ በብዙ ሃይማኖትም አለ። በገዳም ሥርዓት ውስጥ ያለፈ ሰው ግን ልዩነቱን ይረዳል፦ በዚያ መነኩሴው ራሱን የሚክደው ለፈጣሪው ነው፤ አበምኔቱም ራሱ በሥርዓቱ የታሰረ ነው። በስፓን እርሻ «እኔ» የሚለው ቃል የተከለከለው ለሁሉም ሲሆን፣ የተፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ዓመፁ የመጣው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። በ1968 መጨረሻና በ1969 መጀመሪያ ማንሰን በነጮችና በጥቁሮች መካከል ጦርነት ሊነሣ ነው ማለት ጀመረ። የእንግሊዙ የቢትልስ ቡድን በኖቬምበር 1968 ያወጣውን አልበም ለእሱ የተላከ ምስጢራዊ መልእክት አድርጎ ተረጎመው፤ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 9 የጥልቁን ጉድጓድ ወስዶ፣ ተከታዮቹ በሞት ሸለቆ በረሃ ውስጥ ባለ ጉድጓድ ተሸሽገው ጦርነቱ ሲያልፍ 144,000 ሆነው ይወጣሉ፣ ያን ጊዜም ዓለምን ይገዛሉ አለ። ውጭ ላለ ሰው ይህ የዕብደት ንግግር ነው። ሰዓት፣ ጋዜጣ፣ ስምና ቤተሰብ ለሌላት፣ ለወራት ከአንድ አፍ በቀር ያልሰማች ልጅ ግን ንግግሩን የምትመዝንበት ሌላ ሚዛን አልነበራትም። እርሻው ቀስ በቀስ የጦር መሣሪያና የተሰረቀ መኪና የሚከማችበት ሰፈር ሆነ። ልጃገረዶቹ ሰው በተኛበት ሌሊት ቤት ገብተው ዕቃ እያንቀሳቀሱ ሳይታዩ መውጣትን እንደ ልምምድ ያደርጉ ነበር። በጁላይ መጨረሻ ጌሪ ሂንማን የተባለ ሙዚቀኛ ተገደለ፤ ለዚህ ግድያ የታሰረው ሌስሊን ከቡድኑ ጋር ያስተዋወቃት ቦሶሌይ ነበር።

ኦገስት 9፣ 1969 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከቡድኑ የተላኩ ሰዎች በሎስ አንጀለስ ኮረብታ ላይ ባለ ቤት ውስጥ ተዋናይት ሻሮን ቴትንና አራት ሌሎች ሰዎችን ገደሉ። ወይዘሮ ቴት ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ለመውለድ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ነበር። ሌስሊ በዚያ ሌሊት አልሄደችም። በማግሥቱ ነገሩን ሰማች፤ የምታደንቃት ጓደኛዋ ፓትሪሺያ ክሬንዊንክል እንደሄደችም አወቀች። በኋላ ራሷ እንደተናገረችው፣ የተሰማት ነገር ወደ ኋላ መቅረት ነበር። እሷም ታማኝነቷን ማሳየት ፈለገች። በዚህ መዝገብ ውስጥ ለእኔ ከደሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፦ አምስት ሰው መሞቱን የሰማች የ19 ዓመት ልጅ ልቧ ውስጥ ያገኘችው ስሜት ከጓደኞች ጨዋታ የቀረ ሕፃን የሚሰማው ቅሬታ ሆነ።

ቅዳሜ ኦገስት 9 ምሽት አቶ ሌኖ ላቢያንካ ከባለቤታቸው ጋር ከኢዛቤላ ሐይቅ ሽርሽር ጀልባቸውን ከመኪናቸው ኋላ እየጎተቱ ተመለሱ። አቶ ሌኖ 44 ዓመታቸው ሲሆን የምግብ ሸቀጥ መደብሮች ኃላፊ ነበሩ፤ የ38 ዓመቷ ወይዘሮ ሮዝሜሪ የልብስ መደብር ነበራቸው። መንገድ ላይ ጋዜጣ ሻጭ ዘንድ ቆመው ስለ ቀድሞው ሌሊት ግድያ የሚያወራ ጋዜጣ ገዙ። ሎስ ፌሊዝ በተባለው ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው የገቡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ማንሰን ራሱ ቤቱን መርጦ ገባ፤ ባልና ሚስቱን «ዝርፊያ ነው፣ አትጎዱም» ብሎ አሰራቸው። ከዚያ ወጥቶ የቡድኑን አባል ቻርልስ ዋትሰንን፣ ክሬንዊንክልንና ሌስሊን ላካቸውና እሱ ሄደ። መኝታ ቤት ውስጥ ሌስሊ ወይዘሮ ሮዝሜሪን ያዘቻቸው። የባላቸውን ድምፅ የሰሙት ሴት ሲታገሉ፣ ዋትሰንን ጠራችው፤ እሱም በሳንጃ ወጋቸው። ከዚያ ለሌስሊ ቢላ ሰጥቶ እሷም አንድ ነገር እንድታደርግ ነገራት። በሰጠችው ቃል መሠረት ከ14 እስከ 16 ጊዜ ከጀርባቸው በታች ወግታቸዋለች፤ ያን ጊዜ ሞተው ነበር ብላ እንደምታስብም ተናግራለች። ቀጥላ የጣት አሻራ ጠራረገች፣ የሟቿን ልብስ ለበሰች፣ ከማቀዝቀዣው ምግብ በልተው ወጡ።

በዚያው ሌሊት ሌላ ነገር ተፈጽሞ ነበር፤ የሌስሊን ጉዳይ የሚመረምር ሁሉ ሊያስተውለው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ማንሰን ከላቢያንካዎች ቤት ከተመለሰ በኋላ የቀሩትን ልጆች አንድ ተዋናይ እንዲገድሉ ወደ ባሕር ዳር ሰፈር ላካቸው። ከእነሱ መካከል የ20 ዓመቷ ሊንዳ ካሳቢያን ትገኝ ነበር። ቤቱን የምታውቀው እሷ ስለነበረች አስቀድማ ሄደች፤ ሆነ ብላም የማይመለከተውን ሰው በር አንኳኳች። የከፈተው እንግዳ ሰው ነበር፤ ይቅርታ ጠይቀው ተመለሱ፤ ያ ተዋናይም በሕይወት ቀረ። ካሳቢያን ፊት ለፊት «አልገድልም» ለማለት አልደፈረችም፤ በተሳሳተ በር በኩል ግን «እምቢ» አለች። በጥቂት ቀን ውስጥም ከእርሻው ጠፋች። ልዩነቱ በጠባይ ብቻ ነው ማለት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ካሳቢያን ቡድኑን የተቀላቀለችው በጁላይ መጀመሪያ ነበር፤ ያኔ አምስት ሳምንቷ ነው። የራሷን ሕፃን ይዛ ነበር የመጣችው። ሌስሊ ግን በዚያን ጊዜ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አሳልፋ ነበር። ቆይታ የሚሸረሽረው ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

በኦክቶበር ቡድኑ በሞት ሸለቆ በረሃ በሚገኘው ባርከር እርሻ ተያዘ። መጀመሪያ የተያዙት በመኪና ስርቆት ተጠርጥረው ነበር፤ ግድያው የተገለጠው ከቡድኑ ሴቶች አንዷ ሱዛን አትኪንስ እስር ቤት ውስጥ ለታሳሪ ጓደኞቿ በማውራቷ ነው። ካሳቢያን ያለመከሰስ ዋስትና አግኝታ የዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክር ሆነች።

በ1970 የጀመረው ችሎት የአንድን ነገር ጥልቀት አሳየ፦ ከእርሻው መውጣት ከማንሰን መውጣት አልነበረም። ማንሰን ግንባሩን በስለት ሲበጣ ሴቶቹም በጡ፤ እሱ ራሱን ሲላጭ እነሱም ተላጩ፤ ወደ ችሎት ሲገቡ ይዘፍናሉ። ሌስሊ ከማንሰን ሊለዩዋት የሞከሩ ጠበቆችን አሰናበተች። በመጨረሻ ጉዳይዋን የያዘው ሮናልድ ሂውዝ የተባለ ወጣት ጠበቃ የማንሰን ተጽዕኖ ሰለባ መሆኗን ለማሳየት እየተዘጋጀ ሳለ፣ በኖቬምበር 1970 ተራራ ላይ ሊያድር ሄዶ ጠፋ፤ አስከሬኑ የተገኘው ከወራት በኋላ ነው። ቅጣት በሚወሰንበት ደረጃ እናቷ ቀርበው ስለ ልጅነቷ መሰከሩ። ሌስሊ ግን ምስክርነቷን የሰጠችው ማንሰንን ነፃ ለማውጣትና ጥፋቱን በራሷና በጓደኞቿ ላይ ለመጫን ነበር፤ ጸጸት ስለመኖሩ ስትጠየቅም ቃሉን አቃለለችው። በ1971 ጁሪው፣ ማለትም ከተራ ዜጎች የተመረጡት ፈራጆች፣ ሞት ፈረደባት፤ በዚያን ጊዜ በካሊፎርኒያ የሞት ፍርድ ከተፈረደባቸው ሴቶች በዕድሜ ትንሿ ነበረች።

በፌብሩዋሪ 1972 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣትን ከክልሉ ሕገ መንግሥት ጋር የሚጋጭ ሆኖ ስላገኘው፣ ቅጣቷ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሦስቱ ሴቶች (ሌስሊ፣ ክሬንዊንክልና አትኪንስ) ግን በተለየ ክፍል፣ ከሌሎች እስረኞች ተነጥለው ቆዩ። ይህ መነጠል ለደኅንነት ተብሎ ነበር፤ ውጤቱ ግን ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው የእርሻውን ሕይወት በግንብ ውስጥ እንዲቀጥሉት ማድረግ ነበር። ካርሊን ፌይዝ የተባለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልታስተምራቸው ስትገባ፣ አንዷ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሌላዋ የምትጨርስ፣ ሁሉም በማንሰን ቃላት የሚናገሩ ሴቶችን አገኘች። እሷና ሌሎች አስተማሪዎች ስለ ማንሰን አልተከራከሯቸውም። መጽሐፍ አመጡላቸው፣ ስለ ታሪክና ስለ ሴቶች ኑሮ ተወያዩ፣ የየራሳቸውን አስተያየት ጠየቋቸው። «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ለሌስሊ ለዓመታት ያልቀረበላት ነበር። ለውጡ ቀን የሚቆረጥለት አልነበረም፤ ዓመታት ፈጀ። የገባችበት መንገድ ወራት ሲሆን የወጣችበት ከዚያ እጅግ ረዘመ፤ ሲገለጥላትም የተገለጠው የፈጸመችው ነገር ነበር። ከእንዲህ ያለ ቡድን የወጣ ሰው ዕረፍት ያገኛል ብለው የሚጠብቁ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው፤ ሐሰቱ ሲወድቅ እውነቱ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይመጣል።

የጠበቃው መጥፋት ፍትሐዊ ችሎት አሳጥቷታል በሚል በ1976 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሌስሊን ፍርድ ሻረው። በ1977 በተካሄደው ሁለተኛ ችሎት ጁሪው ሊስማማ አልቻለም፤ ሰባቱ በመጀመሪያ ደረጃ ግድያ፣ አምስቱ ደግሞ አእምሮዋ በዕፅና በማንሰን ተጽዕኖ ስለተዳከመ በቀለለው አንቀጽ ጥፋተኛ ናት አሉ። በዋስ ወጥታ ለስድስት ወር ያህል በጸሐፊነት እየሠራች በሰላም ኖረች። በ1978 ሦስተኛው ችሎት ግን ዐቃቤ ሕግ ግድያውን ከዝርፊያ ጋር አያይዞ አቀረበው፤ በዝርፊያ መሀል ለሚፈጸም ግድያ ደግሞ የአእምሮ መዳከም መከላከያ አይሆንም ነበር። ጥፋተኛ ተባለች፤ በአመክሮ የመፈታት ዕድል ያለው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት።

ከዚያ በኋላ ያለው አርባ ምናምን ዓመት ተመሳሳይነት አለው፦ ትሠራለች፣ ትማራለች፣ ቦርድ ፊት ትቀርባለች፣ ጥያቄዋ ውድቅ ይሆናል። እስር ቤት ሆና የመጀመሪያ ዲግሪዋን፣ በኋላም በ2012 የማስተርስ ዲግሪዋን አገኘች። የሟቾቹ ቤተሰቦች በየጊዜው እየቀረቡ መፈታቷን ተቃወሙ፤ ይህን የሚያደርጉት በቀለኛ ሆነው ነው ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው። እናቱን ወይም አባቱን በአንድ ሌሊት ያጣ ልጅ ገዳይዋ መማሯን ሲሰማ የሚሰማውን ማንም ሊያስተምረው አይችልም።

ነገሩን የለወጠው ስለ ወጣቶች አእምሮ ያለው የሕግ አስተሳሰብ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ከ18 ዓመት በታች ሳሉ ወንጀል የፈጸሙ ሰዎች ሞት እንዳይፈረድባቸው፣ በ2012 ደግሞ ለእንዲህ ያሉት የአመክሮ ዕድል የሌለው የዕድሜ ልክ እስራት በሕግ አስገዳጅነት እንዳይጣል ወሰነ። ካሊፎርኒያ ከዚህ አልፋ በ2013 ያወጣችውን የወጣት አጥፊዎች የአመክሮ ሕግ በ2015 ከ23 ዓመት በታች ለነበሩት፣ በኋላም እስከ 25 ዓመት ድረስ አሰፋችው። ሕጉ ቦርዱ የወጣትነትን ያልበሰለ አእምሮና ለተጽዕኖ መጋለጥ በከፍተኛ ክብደት እንዲመዝን ያዛል። ከ2016 ጀምሮ ቦርዱ አምስት ጊዜ ትፈታ ብሎ ወሰነ። የካሊፎርኒያ ገዥ በግድያ የተፈረደበትን ሰው የአመክሮ ውሳኔ የመሻር ሥልጣን ስላለው፣ ጄሪ ብራውን ሁለት ጊዜ፣ ጋቪን ኒውሰም ሦስት ጊዜ ሻሩት። ምክንያታቸው በመሠረቱ አንድ ነበር፤ ወደ ማንሰን እንዴት እንደተሳበች በበቂ ሁኔታ አላስረዳችም የሚል።

ይህን ምክንያት ሳነብ የጉዳዩ ዋና ቋጠሮ እዚህ እንዳለ ይሰማኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰጠችው ማብራሪያ ስለ ዕፁና ስለ ማንሰን ኃይል ነበር። ቦርዱ ሰበብ ነው አላት። በኋላ ስለ ወላጆቿ መፋታትና ስለ ውርጃው ተናገረች፤ ይህ ብቻ ግድያን አያብራራም ተባለች፤ እውነትም አያብራራም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሰጠችው መልስ ግን ከሁሉም የተለየ ነበር፦ ማንሰን ያደረገውን ማድረግ እንዲችል የፈቀድኩለት እኔም ነኝ፣ ለእሱ ኃይልም ኃላፊነት እወስዳለሁ አለች። የተሰረቀባት «እምቢ» በከፊል በገዛ እጇ የሰጠችው እንደነበር ማመኗ ነው።

ሜይ 30፣ 2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ የገዥው ውሳኔ በማስረጃ ያልተደገፈ ነው ብሎ ሻረው። ኒውሰም ውሳኔው እንዳሳዘናቸው ገልጸው ይግባኝ ሳይሉ ቀሩ። ማንሰን በኖቬምበር 2017 በ83 ዓመቱ እስረኛ እንዳለ ሞቶ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ሙሉ «እሷ» እያልኩ የጻፍኩት ስለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነውና ነው። ጁላይ 11፣ 2023 ከማረሚያ ቤቱ የወጡት ግን የ73 ዓመት አዛውንት ናቸው። ከ50 ዓመት በላይ ታስረዋል። በቀጥታ የተወሰዱት የተፈቱ እስረኞች ወደሚቆዩበት የመሸጋገሪያ ቤት ነበር፤ ጠበቃቸው እንደተናገሩት፣ በዚያ ከሚማሯቸው ነገሮች መካከል የእጅ ስልክ አጠቃቀምና ከባንክ ማሽን ገንዘብ ማውጣት ይገኙበታል።